ከአባቱ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ንጉሥ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። አዳማ የምኖር የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ዓርብ ማታ 14 ወጣቶች ቤቴ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። ከወር በፊት አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ 2ኛ ነገሥት 8፥26ን እና 2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2ን ከእንግሊዝኛው ኪንግ ጄምስ አነበበልን። አንዱ አካዝያስ የነገሠው በ22 ዓመቱ ነው ይላል፣ ሌላው በ42 ዓመቱ። ደንግጬ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠላት ነው፣ ዝም ብለህ በእምነት ተቀበል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ መጥቶ አያውቅም። ለሽማግሌያችን ብነግራቸው «አንድ ስሕተት ከተገኘ ሁሉም ይናዳል፣ ስለዚህ ምንም ልዩነት የለም በያቸው» አሉኝ። ኦርቶዶክስ የሆነችው አክስቴ ደግሞ «የእናንተው 66 ጎደሎ ስለሆነ ነው፣ የእኛው 81 እንዲህ ያለ ነገር የለበትም» ትለኛለች። መጽሐፍ ቅዱስ እውነት መሆኑን አምናለሁ። ግን ምን ብዬ ልመልስ?
መ. ከአዳማ

መልስ፦ እኅታችን መ.፣ ከልጁ እንጀምር፤ ከንጉሡ ይልቅ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ያነበበው ልክ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊቆሙ አይችሉም፣ ያንን ያየ ሰው ደግሞ ጠላት አላናገረውም፤ በጥንቃቄ አነበበ እንጂ። ከሚመጣው ዓርብ በፊት ደውይለት። በጽሑፍ መልእክት አትጀምሪው፣ እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ክርክር ይሆናል። «ጥያቄህ ትክክል ነበር፣ የመለስኩልህ ግን ትክክል አልነበረም፤ ስልክህን ይዘህ ና፣ አብረን እንየው» ማለት ይበቃል።

አሁን ሂሳቡ። የአካዝያስ አባት ኢዮራም ሲነግሥ 32 ዓመቱ ነበር፣ 8 ዓመት ገዝቶ ሞተ፤ ይህን 2ኛ ነገሥት 8፥17ም 2ኛ ዜና 21፥20ም በአንድ ቃል ይናገራሉ። እንግዲህ አባት በ40 ዓመቱ ሞተ ማለት ነው። ልጁ ወዲያው ነገሠ። ልጁ 42 ከሆነ ከአባቱ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ የትኛው ቁጥር እንደተበላሸ ለማወቅ ከመጽሐፍ ቅዱስ መውጣት አያስፈልግሽም፣ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ራሱ ከአንድ ምዕራፍ በፊት ነግሮሻል። 22 ቢሆንም ትንሽ ያሳስባል፦ አባቱ በ18 ዓመቱ ወለደው ማለት ነው፣ አካዝያስ ደግሞ 22፥1 ላይ የመጨረሻው ልጅ እንደነበረ ተጽፏል። ኢዮራም ግን ሚስቶች እንደነበሩት 21፥17 ይናገራል፤ ገና በልጅነቱ ለተዳረ የነገሥታት ልጅ የማይሆን ነገር አይደለም።

42 ታዲያ ከየት መጣ? በእጅ የተገለበጠው የእብራይስጥ ጽሑፍ ዜና መዋዕል ላይ 42 ይላል፤ ኪንግ ጄምስ የተከተለው እሱን ነው። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም (የሰባ ሊቃናት የሚባለው) በዚያው ቦታ 20 ይላል። የሶርያው ትርጉምና አንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች 22 ይላሉ። አንዳንድ ሊቃውንት ቁጥር በፊደል ይጻፍ በነበረበት ጊዜ 20ን የሚወክለው ፊደል በ40ው ተለውጦ ነው ይላሉ፤ የታመነበት ግምት እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ግን ብዙም አይገረምም፤ ፮ እና ፯ ስንቱን ጸሐፊ አሳስተዋል! አዳዲሶቹ ትርጉሞች ብዙዎቹ 22 ብለው ጽፈው ከገጹ ግርጌ «እብራይስጡ 42 ይላል» የሚል ማስታወሻ ያኖራሉ። ተማሪው ያላየው ያንን የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ የኪንግ ጄምስ መተግበሪያ ብዙ ጊዜ አያሳይምና።

ይህን ችግር ለመሸፈን የተፈጠረ አንድ መልስ ታገኛለሽ፣ እሱን ግን እንዳትጠቀሚበት እንመክርሻለን። «42 የአካዝያስ ዕድሜ አይደለም፣ የእናቱ ወገን የሆነው የዘንበሪ ሥርወ መንግሥት ዕድሜ ነው» ይላል። ብልኅነት አለው፣ ግን ጽሑፉ አይሸከመውም። እብራይስጡ ልክ እንደ አማርኛችን «የ42 ዓመት ልጅ» ነው የሚለው፤ በነገሥታት ሁሉ ላይ የሚደጋገም ተራ የዕድሜ አነጋገር ነው። ለአንዱ ንጉሥ ብቻ ትርጉሙን ከለወጥሽው ወጣቶቹ ዘዴ እንደሆነ ያውቁብሻል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን መልስሽንም ይጠረጥሩታል።

አሁን ሽማግሌያችሁ ወዳሉት። «አንድ ስሕተት ካለ ሁሉም ይናዳል» የሚለው አነጋገር ለመጽሐፍ ቅዱስ የቆመ ይመስላል፣ ግን ስሕተት አልባነትን የሚያስተምሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲህ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ቺካጎ የወንጌላውያን መሪዎች ተሰብስበው በዚህ ጉዳይ ላይ 19 አንቀጾች ያሉት መግለጫ አወጡ፤ እስከ ዛሬ በጣም ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንቀጽ 10 ስሕተት የለበትም የሚለው ነቢያትና ሐዋርያት በጻፉት በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ቅጂና ትርጉም የእግዚአብሔር ቃል የሚሆኑት የመጀመሪያውን እስከ ተከተሉ ድረስ ነው ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ ቁጥርን ማጠጋጋት፣ ታሪክን በቅደም ተከተል ሳይሆን በርእስ መደርደር፣ «ፀሐይ ወጣች» እንደሚባለው በዓይን የታየውን እንደታየው መናገር፣ ጥቅስን ቃል በቃል አለመድገም፣ እነዚህ ሁሉ ስሕተት አይባሉም ይላል። ስለዚህ 42 ቁጥር የገልባጭ ስሕተት ነው ማለት እምነትን መተው አይደለም፤ ጥብቆቹም የሚሉት እሱኑ ነው። ሽማግሌውን ለመርታት ሳይሆን ለማሳረፍ ይህን ንገሪያቸው።

ሁሉም ክርስቲያን በቺካጎው አነጋገር አይስማማም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ መጽሐፍ ቅዱስ ያለ ስሕተት የሚያስተምረው እግዚአብሔር ለመዳናችን ሲል እንዲጻፍ የወደደውን እውነት ነው አለች። ወንጌላውያንም እ.ኤ.አ. በ1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን «በሚያረጋግጠው ሁሉ» ስሕተት የለበትም አሉ፤ «በሚያረጋግጠው» የምትለዋ ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። በእኛው የጉባኤ ቤት ትምህርትም የአንድምታ መምህራን የተለያየ ንባብ ያለው አብነት (ቅጂ) ሲገኝ አይደብቁትም፣ ያነሡትና ይተረጉሙታል። ልዩነቱ ብዙ ነው፣ በአካዝያስ ዕድሜ ላይ ግን የሚጣላ የለም።

የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያደርገውን ነግሮታል፦ ወይ ቅጂው ተሳስቷል፣ ወይ ተርጓሚው አልደረሰበትም፣ ወይ እኔ አልገባኝም። ከ1,600 ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ መጠየቂያ አላገኘንም። ለወጣቶቹ በሰሌዳ ላይ ሦስቱን ጻፊላቸው፦ ቅጂ፣ ትርጉም፣ አንባቢ። ማንኛውንም ጥያቄ ከየትኛው ሥር እንደሚገባ ይፈልጉ።

ቅጂ በሚለው ሥር ቀጥሎ የሚመጣብሽ «ጥቅስ ጠፋ» የሚለው ነው፣ ዝግጁ ሁኚ። ማቴዎስ 17፥21ን በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታገኚዋለሽ፤ ይህ ዓይነት ከጸሎትና ከጾም በቀር አይወጣም የሚለው ነው። በብዙ አዳዲስ ትርጉሞች ግን ከቁጥር 20 ወደ 22 ይዘላል። በእኛ አገር ይህ ጥቅስ ሲጎድል ሰው የሚቆጣው ጾም ተሰረዘ ብሎ ነው። የሆነው ይህ ነው፦ በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የቫቲካን ቅጂ ጥቅሱ የለበትም፣ ኋላ በተጻፉት ብዙዎች ላይ ግን አለ። ማርቆስ 9፥29 ተመሳሳይ ቃል ስላለው አንድ ጸሐፊ ከዚያ አምጥቶ ማቴዎስ ላይ ጨምሮት ይሆናል ብለው ያስባሉ። የቁጥሩ መዝለል ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ሐዲስ ኪዳን በቁጥር የተከፋፈለው እ.ኤ.አ. በ1551 ነው፤ የፓሪሱ አሳታሚ ሮበር ኤስቲየን ቁጥር ሲሰጥ በእጁ የነበረው ኋለኛው ጽሑፍ ነበር። በኋላ የቆዩ ቅጂዎች ሲገኙ ጥቅሱ ወደ ግርጌ ወረደ፣ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቀረ። ጾምም አልተሰረዘም፤ ማቴዎስ 6፥16-18ና የሐዋርያት ሥራ 13፥2-3 በሁሉም ቅጂ ላይ አሉ። የማርቆስ መጨረሻ (16፥9-20) ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ለእሱ አንድ ደንብ ብቻ ስጫቸው፦ በግርጌ ማስታወሻ ብቻ በቆመ ቃል ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት አይገንቡ። በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ከቁጥር 18 ተነሥተው በአምልኮ ላይ መርዘኛ እባብ የያዙ ተነድፈው ሞተዋል።

ትርጉም በሚለው ሥር አንድ ምሳሌ ይበቃል፣ ለእኛም የቀረበ ነው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» በሚለው ላይ እብራይስጡ «ኩሽ» ነው የሚለው። የግሪክ ተርጓሚዎች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በራሳቸው ቋንቋ «ኢትዮጵያ» አሉት፣ ግእዙም ተከተላቸው። አንዱ እትም ኩሽ፣ ሌላው ኢትዮጵያ ቢል አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

የሚበዛውና የሚጣፍጠው ሦስተኛው ነው፤ አንባቢው። ማቴዎስ 8፥5 ላይ መቶ አለቃው ራሱ ወደ ኢየሱስ ቀርቦ ለመነው ይላል። ሉቃስ 7፥3 ላይ ግን ራሱ አልመጣም፣ የአይሁድ ሽማግሎችን ላከ፤ ቀጥሎም ቁጥር 6 ላይ ወዳጆቹን ላከ። ፈረንጆች በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል። አንቺ ግን ወጣቶቹን «ባለፈው ዓመት ያገባው ጎረቤታችሁ ልጅቷን ከወላጆቿ እንዴት ጠየቀ?» በያቸው። «ሽማግሌ ልኮ» ይላሉ። «ታዲያ ማን ጠየቀ ትላላችሁ?» ስትያቸው «እሱ» ይላሉ። ሽማግሌ ላከና ጠየቀ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ነው። ማቴዎስ አሳጥሮ ስለ ሰውየው እምነት ብቻ ተናገረ፣ ሉቃስ ግን ማን ማን እንደሄደ ዘረዘረ። ይህን መልስ ለመስጠት ግሪክኛ አያስፈልግም፣ ሽማግሌ መላክ ባለበት ባህል ማደግ ይበቃል።

አካዝያስም እንደገና ይመጣብሻል። ማቴዎስ 1፥8 «ኢዮራምም ዖዝያንን ወለደ» ይላል። በመካከላቸው ግን አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ ነበሩ፤ ሦስት ነገሥታት ተዘለዋል። ያ ተማሪ ይህንን ካላገኘው በሚመጣው ወር ያገኘዋል። ወደ መጀመሪያው ጥቅስ ተመለሱ፦ በ2ኛ ነገሥት 8፥26 የአካዝያስ እናት ጎቶልያ «የዘንበሪ ልጅ» ትባላለች። ከስምንት ቁጥር በፊት ግን የኢዮራም ሚስት የአክዓብ ልጅ ነበረች ይላል፤ አክዓብ የዘንበሪ ልጅ ነው። ስለዚህ ጎቶልያ የልጅ ልጁ ናት፣ «ልጅ» ግን ተብላለች። «ወለደ»ም ለአያትና ለቅድመ አያት ይውላል። ማቴዎስ ደግሞ ዝምድናውን በሦስት ጊዜ 14 ትውልድ እንዳደረገው ቁጥር 17 ላይ በግልጽ ይናገራል፤ 14 በእብራይስጥ ፊደላት የዳዊት ስም ድምር ነው (4፣ 6፣ 4)፣ ብዙዎች ምክንያቱ ይህ ነው ይላሉ። አልደበቀም፤ የትውልድ ቆጠራ ሲጽፍ ምን እየሠራ እንደሆነ አስታውቋል።

አንድ ሌላ የአንባቢ ስሕተት አለ፤ ይህን ወጣቶች ሳይሆኑ እኛ ትልልቆቹ ነን የምንሠራው። «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለውን በሱቅ ግድግዳ፣ በታክሲ መስታወት ላይ አይታችኋል። ኢዮብ 8፥7 ነው። የተናገረው ግን ሹሐዊው በልዳዶስ ነው፤ ሦስት ቁጥር ቀደም ብሎ ለኢዮብ ልጆችህ የሞቱት በኃጢአታቸው ነው እያለው ነበር። 42፥7 ላይ እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። የኢዮብ ፍጻሜ በርግጥ በዛ፣ የበልዳዶስ ክርክር ግን ሐሰት ነበር። ስሕተት የሌለበት ማለት በውስጡ የተጠቀሰ ሰው ሁሉ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም፤ የተናገሩትን በትክክል መዘገበ ማለት ነው። «ማን ለማን ተናገረ?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በፊት አስለምጃቸው።

የማይመለሰውንም አትደብቂ። ማርቆስ 2፥26 ላይ ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው አብያታር ሊቀ ካህናት በነበረ ጊዜ ነው ይላል፤ 1ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ግን ካህኑ አቢሜሌክ ነው፣ የአብያታር አባት። ማቴዎስና ሉቃስ ታሪኩን ሲነግሩ ስሙን አይጠቅሱም። «በኋላ ሊቀ ካህናት በሆነው በአብያታር ዘመን» ማለት ነው የሚሉ አሉ፣ «ስለ አብያታር በሚናገረው ክፍል» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አያረኩም። እዚህ ላይ «ገና ነው» በያቸው፣ በዚያው ተዪው። አንዳንድ መምህር ጥያቄ ሳይመለስ ዓርብ ካለፈ ጉባኤው የሚፈርስ ይመስለዋል፤ አይፈርስም።

ለሚመጣው ዓርብ 90 ደቂቃ ካላችሁ እንዲህ አድርጊ። ጠረጴዛው ላይ አራት መጽሐፍ ይኑር፦ የ1954ቱ፣ ግርጌ ማስታወሻ ያለው አንድ አዲስ የአማርኛ ትርጉም፣ የልጁ ኪንግ ጄምስና ማስታወሻ ያለው ሌላ የእንግሊዝኛ ትርጉም። የራሳችሁ እትም 22፥2 ላይ የትኛውን እንደመረጠ እነሱ ይፈልጉ፣ አንቺ ቀድመሽ አትንገሪያቸው። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ከ2ኛ ዜና 21 መጀመሪያ እስከ 22፥9 ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሰው ሁሉ በቁጥሩ ላይ ሲጣበቅ ታሪኩ ይጠፋል፦ ጎቶልያ፣ የተገደሉት ወንድሞች፣ አንድ ዓመት ብቻ የገዛው ንጉሥ። ከዚያ ሂሳቡን ተማሪው ራሱ በሰሌዳ ላይ ይሥራ፤ 32 ሲደመር 8። ቀጥሎ 15 ደቂቃ የግርጌ ማስታወሻዎቹን አወዳድሩ። የቀረውን ለመቶ አለቃውና ለሽማግሌ መላኩ ስጡት። በአንድ ምሽት ከሁለት ጥያቄ በላይ አትውሰጂ። ከኢንተርኔት «መቶ እርስ በርስ የሚጋጩ ጥቅሶች» የሚል ዝርዝር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ከዝርዝሩ አንዱን ራሱ መርጦ ለሚቀጥለው ዓርብ ይዘጋጅበት በይው፣ ግማሹ ዝርዝር በዚያው ይረግፋል።

አንድ ነገር ከልክይ፦ «መንፈስ ነግሮኛል» ብሎ ክርክር መዝጋትን። ጳውሎስ ትንቢትን እንኳ ሌሎች ይመርምሩት ብሏል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «በግሪኩ ትርጉሙ እንዲህ ነው» የሚልንም ተጠንቀቂ፤ የአንድን ቃል ትርጉም ሁሉ በአንድ ጥቅስ ላይ መጫን እዚህ አገር ብዙ ስብከት አበላሽቷል።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ዜና መዋዕል በ66ቱም በ81ዱም ውስጥ ስላለ ጥያቄው በመጻሕፍቱ ብዛት አይፈታም። ግእዙ ብሉይ በዋናነት ከግሪኩ የተተረጎመ ነው፣ ግሪኩ ደግሞ በዚህ ቦታ 20 ይላል፤ ስለዚህ እሷም ሦስተኛ ቁጥር ልታገኝ ትችላለች። ቡና አፍልታችሁ የእሷን መጽሐፍ አንድ ላይ ግለጡት። 2ኛ ነገሥትን ካጣችሁት አትደንግጡ፤ በግእዙ አቆጣጠር ሁለቱ የሳሙኤል መጻሕፍት 1ኛና 2ኛ ነገሥት ስለሆኑ የምትፈልጉት 4ኛው ነው። ዳዊቷንም ታምጣ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»ን አንቺ 23 ላይ ስትገልጪ እሷ 22 ላይ ትገልጣለች፤ ግሪኩ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስለሚያደርጋቸው ነው። ቃሉ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ፤ ምናልባት ወጣቶቹ ይህን ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል።